ሰልፍ፣ መፈክርና መከባበር፦ ጥያቄና መልስ ለጅማ ተማሪዎች

መምህር፦ ሐሳብን ስለ መግለጽና ሰልፍ ስለ ማድረግ መብት የሚናገሩትን የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 29 እና 30 አንብባችኋል ብዬ ነው የምመልሰው። ጠይቁ።

የኪቶ ልጅ፦ መምህር፣ ከኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ተነስተን ወደ ከተማ ብንወጣ ፈቃድ የሚሰጠን ማነው?

መምህር፦ ፈቃድ ሳይሆን ማሳወቂያ ነው። በአዋጅ ቁጥር 3/1983 መሠረት ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ ለከተማው አስተዳደር ታሳውቃላችሁ። ዓላማው፣ ቦታው፣ ቀንና ሰዓቱ፣ የምትሄዱበት መንገድ፣ የአዘጋጆቹ ስም፣ አድራሻና ፊርማ ይግቡበት። ጽሕፈት ቤቱ ጊዜው ወይም ቦታው ይለወጥ ካለ ምክንያቱን በ12 ሰዓት ውስጥ በጽሑፍ ይነግራችኋል፤ ጭራሽ አይደረግም ማለት ግን አይችልም። ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ ውሰዱና በራሳችሁ ቅጂ ላይ የገባበትን ሰዓት አስጽፋችሁ ማኅተም አስመቱ። በቃል ብቻ የተነገረ ነገር ሲካድ ማስረጃ አይኖራችሁም። መንገዱ ከሆስፒታል፣ ከቤተ ክርስቲያንና ከመስጊድ 100 ሜትር ይራቅ። ሐሙስ ከሆነ ደግሞ የገበያ ቀን ነውና የሂርማታን ገበያ እርሱት።

ሰሚራ፦ ግቢ ውስጥስ?

መምህር፦ የተቋማችሁን መመሪያ ይዛችሁ የተማሪዎች ዲን ጋ ሂዱ። ቀጣይ።

ሰሚራ፦ የመፈክር ልኩ የት ድረስ ነው?

መምህር፦ ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው። የተወሰነን ውሳኔ፣ የተፈጸመን ድርጊት ንኩ፤ ሰው የተወለደበትን አትንኩ። «የዶርም ውሃ ይስተካከል»፣ «ውሳኔው ይሻር» የቱንም ያህል ቢመር ችግር የለውም። «እነ እገሌ ይውጡልን» ካላችሁ ግን የጥላቻ ንግግርን ወደሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ገባችሁ። በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በዘር፣ በጾታ ወይም በአካል ጉዳት ሆን ብሎ ጥላቻ ማስፋፋት እስከ 2 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር መቀጮ ያስከትላል። በንግግሩ ምክንያት ጥቃት ከተፈጸመ እስራቱ ከ1 እስከ 5 ዓመት ይሆናል።

መፈክሮቹን ከሦስት ቀን በፊት ጻፉ። አማርኛውንም አፋን ኦሮሞውንም በቋንቋው አፋቸውን የፈቱ ሁለት ሁለት ሰዎች ያንብቡት፤ በአንዱ ቀላል የሆነ ቃል በሌላው ስድብ ይሆናል። ዝርዝሩን ለየአስተባባሪው ስጡ። ጠዋት በካርቶን ተጽፎ የሚመጣ መፈክር አይነሳ፤ ሰልፍን ከመንገዱ የሚያወጣው እሱ ነው።

ታሪክ አንባቢ፦ በ1957 «መሬት ለአራሹ» ሲባል ማን ፈቀደ? መፈክር ከተመረመረ ነፃነቱ የቱ ላይ ነው?

ሰሚራ፦ ራሳችን ካየነው ምርመራ አይባልም።

ታሪክ አንባቢ፦ ተቃዋሚ አዳራሽ ውስጥ ሲናገር ጮኸን ብናስቆመውስ? ጩኸትም ሐሳብ ነው።

የኪቶ ልጅ፦ ነገ አንተን ሲያስቆሙህስ?

መምህር፦ ወንድሜ፣ «መሬት ለአራሹ» የነካው የመሬቱን ሥርዓት ነው፤ ስለ ማንም ዘር አላነሳም። ምሳሌህ የእኔን ነገር ነው የሚያስረዳው። ጩኸትን በተመለከተ፦ ንግግሩ ሲያልቅ ተቃወሙ፣ ወረቀት አንሱ፣ ጀርባችሁን ሰጥታችሁ ቁሙ። ማይኩን ግን አትንጠቁ፤ አዳራሹ የመጣው ሊሰማ ነው፣ ያን መብት የምትነፍጉት ለተናጋሪው ብቻ አይደለም።

አዲስ ገቢ፦ ፈቃዱ ስንት ቀን ይፈጃል?

መምህር፦ ከላይ መልሻለሁ። 48 ሰዓት። ማሳወቂያ!

ሌላ ተማሪ፦ ስለ መከባበር ምን ይላሉ?

መምህር፦ ማን፣ ማንን፣ ምን ብሎ? ለይታችሁ ጠይቁ እንጂ።

የኪቶ ልጅ፦ ሌላ ቡድን በዚያው ቀን ልሰለፍ ቢልስ?

መምህር፦ እኩል መብት አለው። ሰዓት ተከፋፈሉ፤ በመሃሉ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይኑር፤ በአንድ በር አትውጡ፣ አትግቡ። ለሠላሳ ሰው አንድ አስተባባሪ መድቡ፤ ሁለቱ ወገኖችም የአስተባባሪዎቻቸውን ስልክ ይለዋወጡ።

ሰሚራ፦ ቪዲዮውን ቴሌግራም ላይ ብንለቅስ?

መምህር፦ ፊቱ እንዲታይ ያልፈለገውን ሸፍኑ። ከስሩ የምትጽፉትንም እንደ መፈክሩ ሁለት ሰው ያንብበው።