በቆሎው ከሰው ቁመት ሲያልፍ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በአሜሪካ መካከለኛው ምዕራብ ገጠር ለሚኖሩ አንባቢዎቻችን ሐምሌ ክረምት አይደለም፤ ሰመር ነው። በዚህ ዓምድም ሰመርና ዊንተር እያልን እንቀጥላለን፤ «በጋ» ብንል ግማሹ አንባቢ ሐሳቡ ጥር ላይ ይሄድብናል።

ጥያቄ፦ እናቴ ልጆቼን ልታይ ከጎንደር መጥታ፣ በእግሯ ስትንሸራሸር ከመንገድ ዳር ማሳ አራት በቆሎ ቆርጣ ገባች። ጠብሰን ስንበላው ከሱቁ በቆሎ ይልቅ የአገሬን ጣዕም አገኘሁበት። ጎረቤታችን ግን «ይሄ የሰው መብል አይደለም» አሉን። እውነት ነው? በጓሯችን አጥር ሥር የዘራነው ስዊት ኮርን ደግሞ ጥርሱ የረገፈ ሽማግሌ መስሎ ወጣ። ምን አጠፋን? (ከአዮዋ)

መልስ፦ የእናትዎ ምላስ አልተሳሳተም። እስከ አድማስ የሚታየው በቆሎ ፊልድ ኮርን ነው፤ ማሳው ላይ ደርቆ ከታጨደ በኋላ በአብዛኛው ለከብት መኖና ለኢታኖል (ለመኪና ነዳጅ) የሚውል። ስታርቹ ብዙ፣ ስኳሩ ጥቂት ስለሆነ በእሸትነቱ ሲጠበስ ከአገር ቤቱ በቆሎ ጋር ይቀራረባል። ስዊት ኮርን ስኳሩ ቶሎ ወደ ስታርች የማይለወጥ ዘር ነው። ልጆች የሚወዱት፣ እናቶች «ስኳር የገባበት» እያሉ የሚመልሱት ለዚህ ነው።

ነገር ግን ማሳው የሰው ነው፤ አራት ራስም ቢሆን ሳይጠይቁ መቁረጥ ስርቆት ነው። ገበሬውን በሩ ላይ ሄደው ይጠይቁት፤ ለጥቂት ራስ ብሎ የሚከለክል ብዙ አይገኝም። ሲጠይቁ ምን መድኃኒት እንደተረጨና ከተረጨ ስንት ቀን እንደሆነው አብረው ይጠይቁ። በሐምሌ በማሳው አናት ላይ ዝቅ ብላ የምትመላለስ ትንሽ አውሮፕላን ካዩ መርጫ ናት፤ ከዚያ ማሳ ገበሬው ራሱ «አሁን ይበላል» ካላለ በቀር አይቁረጡ።

ቀኑም አጭር ነው። ጺሙ ከወጣ ከ18 እስከ 22 ቀን ባለው ጊዜ ፍሬው በጥፍር ሲጫኑት ወተት ይረጫል፤ ከ24 እስከ 28 ባለው ሊጥ ይሆናል። ለጥብስ የሚሆነው በእነዚህ መካከል ያለው ነው። ከ35 ቀን በኋላ የፍሬው አናት ይሰረጉዳል፤ ያኔ ጎረቤትዎ ያሉት ትክክል ይሆናል።

የጓሮውን በተመለከተ፣ ጥፋቱ «አጥር ሥር» ያሉት ላይ ነው። እያንዳንዱ የጺም ክር ከአንድ ፍሬ ጋር የተያያዘ ነው። ክሩ ላይ ከአናቱ አበባ ዱቄት ካልወረደበት ፍሬው አይሞላም፤ ቦታው ባዶ ይቀራል። ዱቄቱን የሚያመጣው ነፋስ ነው፤ አንድ ረጅም መስመር ብቻ ከዘሩ ነፋሱ ዱቄቱን ወደ ጎረቤት ሣር ይወስደዋል። ያንኑ ዘር በአራት አጫጭር መስመሮች፣ አራት ማዕዘን አድርገው ይዝሩት፤ በመስመሮች መካከል 30 ኢንች፣ በዘር መካከል ከ8 እስከ 10 ኢንች፣ ጥልቀቱ 1 ኢንች። ከፊልድ ኮርን ማሳ ቢያንስ 250 ጫማ ይራቅ፤ ቦታ ከሌለ ሁለቱ የሚያብቡበት ጊዜ በ14 ቀን ያህል እንዲለያይ አስልተው ይዝሩ። አለበለዚያ የማሳው ዱቄት ስዊት ኮርኑን ስታርቻም ያደርገዋል። (ለእሸት ወዳጅ እንግዲህ ይሄ ቅጣት ይሁን ስጦታ እሱ ይወቅ።)

ሌላው ባላንጣ ራኩን የሚባለው የሌሊት አውሬ ነው። «ነገ እንቆርጣለን» ባሉበት ሌሊት ይመጣል፤ አገዳውን ይሰብራል፣ እያንዳንዱን ራስ ሁለት ሁለት ጊዜ ገምጦ ይጥላል። ከተራ አጥር ይልቅ ሁለት የኤሌክትሪክ ሽቦ ይሻላል፤ አንዱ ከመሬት 6 ኢንች፣ ሌላው 12 ኢንች። በቆሎው ከመድረሱ ከሳምንት ሁለት ሳምንት በፊት ያብሩት፤ አንዴ ከቀመሰ ሽቦው አይመልሰውም። ከሽቦው ሥር ያለውን ሣር አዘውትረው ይጨዱ፤ የነካው ሣር ኃይሉን ወደ መሬት ያወርድና ራኩኑ ምንም ሳይሰማው ያልፋል።

ጥያቄ፦ በሳምንት ሁለት ባልዲ ቲማቲም ከጓሮ ይወጣል። ስልስ ሠርቼ፣ ቀይ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዘይትና በርበሬ ያለበት ማለቴ ነው፣ በጃር አሽጌ ለዊንተር ላስቀምጥ አስቤያለሁ። ባልንጀራዬ ጃሩን ውኃ ውስጥ ማፍላት ይበቃል ትላለች። (ከሱ ፎልስ፣ ደቡብ ዳኮታ)

መልስ፦ ስልሱን አያሽጉ፤ ቲማቲሙን ያሽጉ። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት አሲዳቸው ዝቅተኛ ነው። የቦቱሊዝም ባክቴሪያ ዘር ደግሞ በፈላ ውኃ አይሞትም። አየር በሌለው፣ አሲድ ባነሰው ጃር ውስጥ መደርደሪያ ላይ ሲቀመጥ ነቅቶ መርዝ ያመርታል፤ መርዙን ማሽተትም መቅመስም አይቻልም። ስለዚህ ባዶውን ቲማቲም ያሽጉና በጥር ቁሌቱን ያን ጊዜ ያቁላሉ። የተዘጋጀ ስልስ ካልሆነ የሚሉ ከሆነ ቦታው ፍሪዘር ነው።

ለ7 ኳርት (አንዱ ወደ አንድ ሊትር የሚይዝ ጃር) ወደ 22 ፓውንድ ቲማቲም ይበቃል። በረዶ የመታውን ተክል ቲማቲም አይጠቀሙ፤ አሲዱ ይቀንሳል። በፈላ ውኃ ከ30 እስከ 60 ሰከንድ ነክረው ቆዳው ሲሰነጠቅ ወደ ቀዝቃዛ ውኃ ያስገቡና ይላጡ። ከዚያ ሩቡን ያህል ብቻ ቆርጠው ወዲያው የጋለ ድስት ውስጥ እየጨፈለቁ ያፍሉ፤ ሌላውን እየቆረጡ በላዩ ይጨምሩ። ሁሉንም ቆርጠው በሳህን ካቆዩት ቲማቲሙ ውስጥ ያለ ኢንዛይም ማያያዣውን ይበትነዋል፤ በኋላ ጃሩ ውስጥ ውኃው ከታች፣ ሥጋው ከላይ ተለያይቶ ያገኙታል። አይጎዳም፤ ያስጠላል እንጂ። ሁሉም ከገባ በኋላ 5 ደቂቃ ቀስ ብሎ ይፍላ።

በየጃሩ መጀመሪያ የሎሚ ጭማቂ ይግባ፤ ለኳርት 2፣ ለፓይንት (የኳርት ግማሽ) 1 የሾርባ ማንኪያ። ጭማቂው በጠርሙስ የሚሸጠው መሆን አለበት፤ የእጅ ጭማቂ አንዱ ሎሚ ከሌላው አሲዱ ስለሚለያይ መጠኑን ማመን አይቻልም። ትኩሱን ቲማቲም ሞልተው ከላይ ግማሽ ኢንች ክፍት ይተዉ፣ የአየር አረፋውን በፕላስቲክ ማንኪያ ዘንግ ያስወጡ፣ አፉን በንጹሕ ጨርቅ ይጥረጉ። አንዲት የቲማቲም ዘር አፉ ላይ ከቀረች ክዳኑ አይዝም። ክዳኑን የሚይዘውን ቀለበት በጣት ጫፍ ኃይል ብቻ ያጥብቁ፤ በጡንቻ ካጠበቁት አየሩ መውጫ ያጣል።

ጃሮቹ የሚፈሉበት ድስት ውኃ ከጃሮቹ በላይ 1 ኢንች ይሁን። ደቂቃው የሚቆጠረው ጃሮቹ ከገቡ በኋላ ውኃው እንደገና ሲንተከተክ ነው። መመሪያዎች ላይ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚታየው 35 ደቂቃ ለፓይንት፣ 45 ለኳርት፣ ከባሕር ወለል እስከ 1,000 ጫማ ላሉ ቦታዎች ነው። ሱ ፎልስ ከዚያ በላይ ናት፤ ስለዚህ የእርስዎ 40 እና 50 ደቂቃ ነው። ካወጧቸው በኋላ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ሳይነኩ ይቆዩ። ክዳኑ መሃሉን ሲጫኑት ወደ ታች ወርዶ ከተመለሰ አልታሸገም፤ ያ ጃር ፍሪጅ ገብቶ በዚያው ሳምንት ይበላ። ቀለበቱ ለዓመታት ያገለግላል፣ ጠፍጣፋው ክዳን ግን አንድ ጊዜ ብቻ።

ጥያቄ፦ ቤዝመንታችን (ምድር ቤታችን) ሻጋታ ይሸታል። ቀን ቀን መስኮቶቹን ከፍቼ አናፍሰዋለሁ፤ ግን ይብሳል። በርበሬና ሽሮ እዚያ ነው የማስቀምጠው። (ከደቡብ ሚኔሶታ)

መልስ፦ የሚብሰው ስለሚከፍቱት ነው። በሐምሌ የውጭው አየር ውኃ የጠገበ ነው፤ በቆሎው ራሱ ያልባል። አንድ ኤከር በቆሎ በቀን ከ11,400 እስከ 15,100 ሊትር ውኃ ወደ አየር ይለቃል፤ ቤትዎን የከበበው ስንት ኤከር እንደሆነ እርስዎ ያውቃሉ። ያ አየር ቀዝቃዛውን የቤዝመንት ግድግዳ ሲነካ፣ በረዶ ያለበት ብርጭቆ ላይ እንደሚያደርገው፣ ጤዛ ሆኖ ይወርዳል። መስኮቱን ይዝጉ፣ ዲሂዩሚዲፋየር (የአየሩን እርጥበት የሚመጥ ማሽን) አስገብተው 50 በመቶ ላይ ያድርጉት። ባልዲው ሲሞላ ማሽኑ ራሱን ያጠፋል፤ ቱቦ ገጥመው ወደ ወለሉ ፍሳሽ ቢለቁት ይገላገላሉ። ካርቶን ወለል ላይ አይቀመጥ።

ወደ ውጭም ወጥተው ከጣራ የሚወርደው አሸንዳ ውኃውን የት እንደሚጥል ይዩ፤ ከግድግዳው ቢያንስ 4 ጫማ ይራቅ። ሳምፕ ፓምፕ (ቤዝመንት ጉድጓድ ውስጥ የሚጠራቀመውን ውኃ ወደ ውጭ የሚገፋ) ካለዎት ጉድጓዱ ውስጥ አንድ ባልዲ ውኃ ያፍስሱ፤ ተንሳፋፊው ተነሥቶ ሞተሩ ካልጀመረ ከማዕበሉ በፊት አወቁት ማለት ነው። በርበሬውንና ሽሮውን ዛሬውኑ ያውጡ፤ እርጥበት ይስቡና ይሻግታሉ። በጥብቅ ከታሸጉ ፍሪዘር ይሻላቸዋል። ሲያወጧቸው ግን ዕቃው ሙቀቱ ከክፍሉ ሳይስተካከል አይክፈቱት፤ ያ ጤዛ ዱቄቱ ላይ ይወርዳል።

ጥያቄ፦ ልጆቹ ከጫካው ጥግ ሲጫወቱ ውለው መዥገር ይዘው ይገባሉ። አያታቸው ቫዝሊን ቀብተው ያስለቅቁታል። ልክ ነው? (ከዊስኮንሰን)

መልስ፦ አይደለም፤ አያትን ግን በአክብሮት ያስረዷቸው። ቫዝሊን፣ ጋዝ ወይም የተቃጠለ ክብሪት የተነካ መዥገር በሆዱ ያለውን ወደ ቁስሉ ሊተፋ ይችላል። ጫፉ ቀጭን በሆነ ወረንጦ ከቆዳው ሥር፣ ከአፉ ላይ ይያዙና ሳይጠመዝዙ በቀጥታ ወደ ላይ ይሳቡ። ሆዱን አይጭመቁት። ቦታውን በሳሙና ወይም በአልኮል ይጠቡ።

የላይም በሽታን የሚያስተላልፈው የአጋዘን መዥገር ነው። ገና ያላደገው ከጤፍ ፍሬ እምብዛም ስለማይበልጥ ብዙ ጊዜ የሚያመልጠው እሱ ነው፤ ወቅቱም ከግንቦት እስከ ሐምሌ። በሽታው ለመተላለፍ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ቀን በላይ መጣበቅን ይጠይቃል፤ ስለዚህ የማታው ፍተሻ ዋጋ አለው፦ የፀጉር ሥር፣ ከጆሮ ጀርባ፣ ብብት፣ እምብርት፣ ብሽሽት፣ ከጉልበት ኋላ። ልብሳቸው ደረቅ ከሆነ ከማጠብዎ በፊት ድራየር ውስጥ በከፍተኛ ሙቀት 10 ደቂቃ ያዙሩት፤ መዥገር የሚሞተው በድርቀት ነው፣ ማጠቢያ ማሽንማ ዋኝቶ ይወጣበታል። ከአንድ ቀን በላይ ተጣብቆ የቆየ ካገኙ በ72 ሰዓት ውስጥ ሐኪም ይደውሉ፤ መከላከያ መድኃኒት የሚሰጠው በዚያ ጊዜ ውስጥ ነው። ከ3 እስከ 30 ቀን ባለው ጊዜ እየሰፋ የሚሄድ መቅላት ወይም ትኩሳት ካዩ አይጠብቁ።

ጥያቄ፦ የአራስ እናት ነኝ። የቤታችን ውኃ ከጉድጓድ ነው፤ የዱቄት ወተቱን አፍልቼ ነው የማዘጋጅበት። ይበቃል? (ከአዮዋ)

መልስ፦ ለጀርም ይበቃል፤ ለናይትሬት ይጎዳል። ከማሳ ማዳበሪያና ከከብት ፍግ ወደ ጉድጓድ የሚወርደው ናይትሬት ሲፈላ አይጠፋም፤ ውኃው ተንኖ እሱ ይጠነክራል። ከ6 ወር በታች ላለ ሕፃን ደሙ ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል። ገደቡ (በናይትሬት-ናይትሮጅን ሲለካ) በሊትር 10 ሚሊግራም ነው። ውኃውን ያስመርምሩ፤ ውጤቱ እስኪታወቅ በጠርሙስ የሚሸጥ ውኃ ይጠቀሙ። ተራ የማጣሪያ ጆግ ናይትሬትን አያስቀርም፤ የሚያስቀረው ሪቨርስ ኦስሞሲስ (ውኃውን በስስ ሽፋን ገፍቶ የሚያጣራ መሣሪያ) ነው። በአዮዋ የካውንቲው ጤና ቢሮ የግል ጉድጓድ ውኃን ብዙ ጊዜ ያለ ክፍያ ያስመረምራል። ባክቴሪያውም አብሮ ይታይ፤ ምርመራውም በየዓመቱ ይደገም።

ጥያቄ፦ የማዕበል ማስጠንቀቂያው ሳይረን በየወሩ ይጮኻል፤ ልጆቹ መፍራት ትተዋል። የቱ እውነተኛ ነው? (ከሚኔሶታ)

መልስ፦ በሚኔሶታ የወሩ የመጀመሪያ ረቡዕ ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ የሚጮኸው ሙከራ ነው። በሌላ ቀን ከጮኸ ወደ ታች ይውረዱ። ቶርኔዶ (አውሎ ነፋስ) «ዎች» ማለት ሊፈጠር ይችላል፣ «ዋርኒንግ» ማለት ታይቷል ወይም በራዳር ታውቋል፤ ለሁለተኛው አይጠየቅም፣ ይወረዳል። ቤዝመንት ከሌለ በታችኛው ፎቅ መስኮት የሌለው መሃል ክፍል ይግቡ። ተጎታች ቤት የሚኖሩ ግን ዎች ሲባል ገና ጠንካራ ሕንፃ ወዳለበት ይሂዱ። ሳይረን የተሠራው ውጭ ላለ ሰው ነው፤ ኤሲ ከፍቶ ለተኛ አይሰማም፤ የስልኩን የአደጋ ማስጠንቀቂያ አያጥፉት፣ ባትሪ ያለው የአየር ሁኔታ ሬዲዮም ይኑርዎት። ልጆቹ ሲወርዱ ጫማ ያድርጉ፤ ከማዕበሉ በኋላ የሚረገጠው ብርጭቆና ምስማር ነው።