ጠርሙሱ ለምን ተነፋ? የጓሮ ፍሬ በአረቄ ስለመዘፍዘፍ የአንባቢያን ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ 1 ኪሎ የጓሮ ኮክ ቆራርጬ ከ1 ሊትር የአገር አረቄና ከ300 ግራም ስኳር ጋር በጠርሙስ ከደንኩት። በ9ኛው ቀን ክዳኑ ተወጥሮ አገኘሁት፤ ስከፍተው አረፋው ገንፍሎ ወጣ፤ ሽታውም ኮምጠጥ ይላል። ምን አጠፋሁ? (ከሆለታ)

መልስ፦ አረቄው አቅም አንሶታል። ኮክ ከክብደቱ 85 በመቶ የሚሆነው ውሃ ነው። ይህ ውሃ ቀስ እያለ ይወጣና አረቄውን ያቀጥነዋል። 1 ሊትር ባለ 40 በመቶ አረቄ ውስጥ 400 ሚሊ ሊትር አልኮል አለ፤ 1 ኪሎ ኮክ 850 ሚሊ ሊትር ውሃ ሲጨምርበት አልኮሉ ወደ 22 በመቶ ይወርዳል። ይህ ፍሬውን ከመበላሸት ይጠብቀዋል። የእርስዎ ግን ውሃ የገባበት፣ ለምሳሌ ባለ 25 በመቶ ከነበረ፣ ከ14 በመቶ በታች ወርዷል። በዚህ መጠን በፍሬው ልጣጭ ላይ ያለው እርሾ አይሞትም፤ ስኳሩ ደግሞ ቀለብ ሆነለት። በአጭሩ ጠርሙሱ ውስጥ ጠጅ ተጥሏል። ይህን ይድፉት፤ መልሶ መክደን ጠርሙሱን ሊያፈነዳው ይችላል።

በሚቀጥለው ኮኩን ይጠቡና በንጹሕ ጨርቅ ያድርቁት፤ ልጣጩ ላይ የቀረች ውሃም ታቀጥናለች። የጠቆረውን ቦታ ቆርጠው ይጣሉ፤ ዘሩንም ያውጡ። ዘሩ ሲሰበር ለውዝ የሚመስለው ውስጡ ሳያናይድ የሚባል መርዝ የሚፈጥር ንጥረ ነገር ስላለው አብሮ አይዘፍዘፍ። ለ1 ሊትር ባለ 40 በመቶ አረቄ 600 ግራም የተቆራረጠ ኮክ ይበቃል። አፈ ሰፊ የመስታወት ዕቃ ይጠቀሙ፤ የፕላስቲክ ጀሪካን አይሆንም። አረቄው ፍሬውን ሙሉ በሙሉ ይሸፍነው፤ አየር ላይ የቀረው ቁራጭ ይጠቁራል፣ ጣዕሙም ይለወጣል። ፀሐይ በማያገኘው ቦታ አስቀምጠው በየቀኑ ነቅነቅ ያድርጉት፤ ከ4 እስከ 5 ሳምንት በኋላ በሻሽ ያጥልሉት። ስኳሩ የሚገባው ያኔ ነው፤ 200 ግራም ያለ ውሃ ጨምረው እስኪሟሟ 3 ወይም 4 ቀን እየነቀነቁ ይቆዩ። የሚያገኙት 24 በመቶ አካባቢ ይሆናል። ከዚያ 2 ወር ቢያሳርፉት የአልኮሉ ቁጣ በረድ ይላል፤ ይህን ትዕግሥት አጥብቀን እንመክራለን።

ጥያቄ፦ ዘይቱን በቮድካ ዘፍዝፌ ከወር በኋላ ሳየው ከታች እንደ አጥሚት ወፍሯል። ተበላሽቷል? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ አልተበላሸም። ዘይቱን ማርማላታን የሚያረጋው ፔክቲን የሚባል ንጥረ ነገር በብዛት አለው፤ ፔክቲን አልኮል ሲያገኝ ይረጋል። በጨርቅ አይጭመቁት፤ ከጨመቁት ዝቃጩ ሁሉ አብሮ ይወርዳል። ለአንድ ሳምንት ማቀዝቀዣ ውስጥ ሳይነካ ይቁም። ከላይ የጠራውን በቀጭን ንጹሕ ቱቦ፣ ጫፉን ከዝቃጩ 2 ጣት ያህል ከፍ አድርገው፣ ወደ ሌላ ጠርሙስ ያውርዱ። የቀረውን በቡና ማጥለያ ወረቀት ያሳልፉት፤ ጠብ ጠብ እያለ ሌሊቱን ሊፈጅ ይችላል። ለወደፊቱ ሽታው የሚያውድ የበሰለ ዘይቱን ይምረጡ፤ ያልበሰለው ፔክቲኑ ይበዛል። አራት ቦታ ይክፈሉት እንጂ አይፍጩት። ለ1 ሊትር ግማሽ ኪሎ፣ ለ2 ሳምንት ብቻ።

ጥያቄ፦ የሎሚ ልጣጭ ዘፍዝፌ የስኳር ሽሮፕ ስጨምርበት ነጭ ሆነ። ደግሞም ይመራል። (ከቢሾፍቱ)

መልስ፦ ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ነጭ የሆነው የልጣጩ ዘይት ነው። ጠንካራ አልኮል ዘይቱን አሟሙቶ ይይዘዋል፤ ሽሮፑ ሲያቀጥነው ዘይቱ ይለቀቃል። ኡዞ በሚባለው መጠጥ ላይ ውሃ ሲጠብ የሚታየው ንጣት ይኸው ነው፤ ችግር የለበትም።

ምሬቱ ግን ከልጣጩ ሥር ካለው ነጭ ሽፋን የመጣ ነው። የአገራችን ሎሚ ልጣጩ ስስ ስለሆነ ቢላዋው ቶሎ ነጩ ላይ ይደርሳል። የተላጠውን ገልብጠው ይዩት፤ ነጭ ካለበት በቢላዋ ጫፍ ይፋቁት። የ12 ትንንሽ ሎሚዎች ልጣጭ ለ750 ሚሊ ሊትር ባለ 40 በመቶ ቮድካ ይበቃል። ከ3ኛው ቀን ጀምሮ ይቅመሱት፤ ከ5ኛው ቀን አያሳልፉት። ሽሮፑን ከ200 ግራም ስኳርና ከ150 ሚሊ ሊትር ውሃ አፍልተው፣ በደንብ ሲቀዘቅዝ ይጨምሩ። አንዴ የመረረውን መመለስ አይቻልም፤ ያልተዘፈዘፈ ቮድካ እኩል ቢቀላቀልበት ግን ይለዝባል።

ጥያቄ፦ አረቄ እሳት ሲነካው በሰማያዊ ነበልባል ከነደደ ንጹሕ ነው ይባላል። እውነት ነው? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ አይደለም፤ ይህ እምነት አደገኛ ነው። ዓይን የሚያጠፋው፣ ሜታኖል የሚባለው መርዛማ አልኮልም ሲነድ ነበልባሉ ሰማያዊ ነው። በጣዕምም በሽታም ለይቶ ማወቅ አይቻልም። ተንሳፋፊው የአልኮል መለኪያም ቢሆን ጥንካሬን እንጂ ንጽሕናን አይነግርም፤ እሱንም ስኳርና ፍሬ ከመግባታቸው በፊት ካልለኩበት አሳንሶ ያሳያል። ስለዚህ ለመዘፍዘፊያ የታሸገና መጠኑ የተጻፈበት መጠጥ ይግዙ። ለእጅና ለቁስል ማጽጃ የሚሸጠውን አልኮል በጭራሽ እንዳይጠቀሙ። ከጠጣ በኋላ፣ በማግስቱም ቢሆን፣ ዓይኑ የደበዘዘበት ወይም ሆዱን አጥብቆ ያመመው ሰው ካለ፣ ስካር ነው ብለው አያስተኙት፤ የጠጣበትን ጠርሙስ ይዘው ወዲያውኑ ሆስፒታል ያድርሱት።