«ራሷን ትነዳለች» ሲባል፦ ጥያቄና መልስ

ሻጩ መኪናዋ ራሷን ትነዳለች አለኝ። በምን ላረጋግጥ?

አንድ ነገር ይጠይቁት፦ ሲስተሙ በርቶ ሳለ መንገዱን የማየት ግዴታ የማን ነው? «የሹፌሩ» ካለ፣ መሪ ብታዞርም ፍሬን ብትይዝም ደረጃ 2 ናት፤ ረዳት እንጂ ሹፌር አይደለችም። ራስን የመንዳት ደረጃው ከ0 እስከ 5 ሲሆን፣ መኪናው ራሱ መንገዱን የሚከታተለው ከ3 ጀምሮ ነው። 3 ላይም ቢሆን «ተረከብ» ሲልዎ መረከብ አለብዎ። ማስታወቂያውን ትተው ማኑዋሉን ያንብቡ፤ እውነቱ ያለው እዚያ ነው።

ታዲያ ቴስላ «ፉል ሰልፍ ድራይቪንግ» (ሙሉ ራስ-ነጂ) ብሎ እንዴት ሸጠ?

አሜሪካ ውስጥ መንግሥት መኪናን ከሽያጭ በፊት መርምሮ አያጸድቅም፤ የደህንነት መስፈርቱን ማሟላቱን የሚያረጋግጠው አምራቹ ራሱ ነው። የፌዴራሉ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት የሚገባው ጉድለት ሲታይ ነው። በዲሴምበር 2023 ከ2 ሚሊዮን በላይ ቴስላዎች ሪኮል (የእርማት ጥሪ) የተደረጉት አውቶፓይለት የሚባለው የቴስላ የመንዳት ረዳት ሹፌሩ መዘናጋቱን በበቂ ስለማይቆጣጠር ነበር። ስሙን በተመለከተ ካሊፎርኒያ ከጃንዋሪ 2023 ጀምሮ ከፊል ረዳትን ሙሉ ራስ-ነጂ አስመስሎ መሸጥን በሕግ ከልክላለች። ኩባንያውም በ2024 «በክትትል» የሚል ቃል ጨመረበት። ለእኔ ይህ ዘግይቷል፤ ሰው የሚዘናጋው ስሙን አምኖ ነውና።

አውሮፓስ?

እዚያ ፈቃዱ ከሽያጩ ይቀድማል። የእንግሊዝ የ2024 ሕግ ደግሞ ያልተፈቀደለትን መኪና ራስ-ነጂ ብሎ ማስተዋወቅን ወንጀል ያደርጋል።

ሹፌር የሌላቸው ታክሲዎች ፈቃድ ለምን ይነጠቃል?

የጄኔራል ሞተርስ የሹፌር አልባ ታክሲ ኩባንያ የነበረውን ክሩዝን ይመልከቱ። በኦክቶበር 2023 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ሰው የሚነዳው መኪና አንዲት እግረኛን ገጭቶ ክሩዙ ፊት ጣላት። ክሩዙም ገጫትና ቆመ። ግን ግጭቱን ከጎን የመጣ አድርጎ ስለቆጠረው ዳር ለመያዝ ተንቀሳቀሰ፤ ሴትዮዋን 6 ሜትር ያህል ጎተታት። ካሊፎርኒያ ፈቃዱን ያገደችው ለአደጋው ብቻ አይደለም፤ ኩባንያው የደህንነት መረጃ አዛብቷል ብላ ጭምር ነው።

አዲስ አበባ የሚገቡት የቻይና ኤሌክትሪክ መኪኖችስ?

ረዳት ካላቸው ደረጃ 2 ብለው ይያዟቸው። ካሜራው የሚመራው በተቀባ መስመር ነው፤ ቀለሙ ከደበዘዘ ወይም የፊት መስታወቱ ከቆሸሸ መስመር ይስታል። በጨለማ የሚሻገር እግረኛና ከብት ባለበት መንገድ ረዳቱን ያጥፉት። ቻይና ራሷ በኤፕሪል 2025 አምራቾች በማስታወቂያ ላይ «ራስ-ነጂ» እንዳይሉ አዝዛለች፤ እዚህ ያለ ሻጭ ያንን ቃል ከተጠቀመ ይህን ያስታውሱት።