መልስ፦ የድሮ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ እያዩ በቀለም ስለ መሳል

ጤና ይስጥልኝ። የቅድመ አያትዎን ፎቶግራፍ እያዩ በዘይት ቀለም ሲስሉ፣ ቤተሰቡ ቀይ ነበር የሚለው የነጠላቸው ጥለት በፎቶው ላይ ለምን ጥቁር ሆኖ እንደሚታይ ጠይቀዋል። ፎቶው እ.ኤ.አ. ከ1920ዎቹ ወይም ከዚያ በፊት ከሆነ፣ በዘመኑ በስፋት ይሠራባቸው የነበሩት የፎቶግራፍ መስታወቶችና ፊልሞች ሰማያዊ ብርሃንን አጥብቀው የሚቀበሉ፣ ቀዩን ግን ከነጭራሹ የማያዩ ስለነበሩ፣ ቀይ ጥለት ወደ ጥቁር፣ ሰማያዊ ሰማይ ደግሞ ወደ ነጭ ይለወጣል፤ የከንፈርና የፊት ቆዳም ከእውነቱ ይበልጥ ይጠቁራል። ስለዚህ ቅርጹን ከፎቶው፣ ቀለሙን ግን ከቤተሰቡ ትውስታና ከተረፈ ልብስ፣ የፊቱን መልክ ደግሞ በመስኮት ብርሃን ከተቀመጠ ዘመድ ቢወስዱ ይሻላል። በእርጅና ቡናማ የሆነውን የወረቀት መልክ እንደ ቆዳ ቀለም መገልበጥ የብዙ ጀማሪዎች ስህተት ነው።

በፎቶው ላይ የደበዘዘውን ክፍል (ብዙ ጊዜ እጅ ነው) በግምት አያጥሩት ባይ ነኝ። ጀርመናዊው ሠዓሊ ጌርሃርድ ሪሽተር እ.ኤ.አ. በ1965 የወታደር ልብስ የለበሰ አጎቱን ከቤተሰብ ፎቶ ሲስል፣ ያልደረቀውን ቀለም በብሩሽ ጠራርጎ ሆን ብሎ አደብዝዞታል። እርስዎም ከጀርባቸው ያለውን በዚሁ መንገድ ቢያለሰልሱት የተመልካቹ ዓይን ፊታቸው ላይ ያርፋል።