በ55 ዓመቴ ጡረታ ልውጣ ወይስ 60 ልጠብቅ ላልከው ወንድሜ

ጥያቄህን ማታ አይቼ ጠዋት ደግሜ አነበብኩት። 55 ሊሞላህ ነው። 29 ዓመት አገልግለሃል፣ ቢሮው ሰልችቶሃል። ባለቤትህ ግን «እስከ 60 ጠብቅ» ትልሃለች። «ቀድማችሁ የወጣችሁ፣ አልቆጫችሁም ወይ?» ብለሃል።

እኔ ወጥቻለሁ። ሐምሌ 2014፣ በ55 ዓመቴ፣ 30 ዓመት በላብራቶሪ ቴክኒሺያንነት ሠርቼ። ታላቅ እህትህ ስለሆንኩ አንተ እያልኩ ልቀጥል።

ብሩን መጀመሪያ እንጨርሰው። 25 ዓመትና ከዚያ በላይ ያገለገለ የመንግሥት ሠራተኛ ከመውጫ ዕድሜው እስከ 5 ዓመት ቀድሞ በፈቃዱ መውጣት ይችላል። ስሌቱ ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት የአማካይ ደመወዝህ 30 በመቶ ነው። ከዚያ በላይ ላለው እያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል። ጣሪያው 70 በመቶ ነው። አንተ ዛሬ ብትወጣ 53.75 በመቶ ታገኛለህ። 60 ሞልቶህ በ34 ዓመት አገልግሎት ብትወጣ ደግሞ 60 በመቶ። አማካይ ደመወዝህ 10,000 ብር ቢሆን 5,375 እና 6,000 ማለት ነው። ልዩነቱ በወር 625 ብር ነው።

ይሄን አይተህ ግን ነገ ማመልከቻ እንዳታስገባ። ስሌቱ የሚሠራው በመጨረሻው ደመወዝህ አይደለም፤ በመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ በቅርቡ ተሻሽሏል። አሁን ብትወጣ ከጭማሪው በፊት የነበረው ትንሹ ደመወዝ አማካዩን ወደ ታች ይጎትተዋል። አዲሱ ደመወዝ ሦስቱን ዓመት እስኪሞላ ብትቆይ ከበመቶው ይልቅ እሱ ሊጠቅምህ ይችላል። ስለዚህ ወረቀት አውጥተህ ዛሬ፣ ከአንድ ዓመት በኋላና ከሁለት ዓመት በኋላ ብትወጣ የምታገኘውን ለየብቻ አስላ። ብዙ ሰው ይሄን ሳያሰላ ወጥቶ ነው የሚቆጨው።

እኔን ያንገላታኝ ፋይሌ ነው። ሥራ የጀመርኩት ገጠር፣ አንድ ጤና ጣቢያ ውስጥ ነው። እዚያ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። ያ ሁለት ዓመት ግን ፋይሌ ውስጥ የለም። በቃ የለም። የአያቴ ስም ደግሞ አንዱ ወረቀት ላይ በሃሌታው «ሀ»፣ ሌላው ላይ በብዙኃኑ «ኀ» ተጽፏል። የልምድ ማስረጃ ለማምጣት ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። ሁለቱን ጊዜ የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ የለም ተብዬ ባዶ እጄን ተመለስኩ። በሦስተኛው አንዲት ወጣት ሠራተኛ አቧራ የጠጣ ክምር ውስጥ ገብታ የቅጥር ደብዳቤዬን ይዛልኝ ወጣች። ስሟን ሳልጠይቃት መምጣቴ እስካሁን ይቆጨኛል። ሁለቱ ዓመት ማለት 2.5 በመቶ ነው፣ ያውም ዕድሜ ልክ የሚከፈል። አንተም ልትወጣ ባትሆን እንኳን ዛሬውኑ ሄደህ ፋይልህን ተመልከት። የልደት ዘመንህም የሚታየው ስትቀጠር በሞላኸው ቅጽ ነው።

ሌላው ያደረግኩት፣ ልወጣ 6 ወር ሲቀረኝ የጡረታ አበሌን ያህል ብቻ እያስቀረሁ የቀረውን ደመወዝ ባንክ ማስገባት ነው። በሁለተኛው ወር ተንገዳገድን። አልበቃ ያለን ለእቁቡ ነበር፤ ከትልቁ እቁብ ወጥቼ ትንሹ ውስጥ ገባሁ። የኮንዶሚኒየሙ የባንክ ዕዳም በጡረታ እንዴት እንደሚከፈል ያየነው ያኔ ነው። ደመወዝ እያለህ ብትንገዳገድ የምትይዘው ነገር አለ። አንተም ባለቤትህን ይዘህ ሞክረው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ።

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው፤ የአዳማው ፈጣን መንገድ የሚጀምርበት አካባቢ። ሥራ ቦታዬ መሀል ከተማ ስለነበር ከሌሊቱ 11 ሰዓት እነሳለሁ። ቃሊቲ ድረስ በታክሲ፣ ከዚያ በባቡር፣ ከዚያ በእግር። ማታም ያንኑ። ጡረታ ስወጣ ጠግቤ እተኛለሁ ብዬ ነበር።

የመጀመሪያው ሰኞ ግን በ11 ሰዓት ዓይኔ ፈጠጠ። ደረጃው ላይ ሰው ሲወርድ ይሰማኛል። የአራተኛ ፎቋን መምህርት በጫማዋ ድምፅ፣ የጎረቤቴን ልጅ በሳሉ አውቃቸዋለሁ። ሁሉም ወረደ። ከዚያ ሕንፃው ጭጭ አለ። ተነስቼ ታጥቤ፣ ልብሴን ለባብሼ፣ ቦርሳዬን ሶፋው ላይ አስቀምጬ ተቀመጥኩ። ውጭ ዝናብ ነው። የእኛ ሰፈር አፈር ዋልካ ነው፤ በክረምት ጫማ ይዞ ይቀራል፣ ወጣ ብለህ ዞር ዞር አትል። ሐምሌ ላይ በመውጣቴ አጥፍቻለሁ። ምርጫ ካለህ መስከረም ላይ ውጣ።

አንድ ቀን ምስር ስለቅም ነው ነገሩ የገባኝ። ሰፌዱን ይዤ ከግራ ወደ ቀኝ እሄዳለሁ፣ ትንሽ ዝቅ እልና ደግሞ ከቀኝ ወደ ግራ እመለሳለሁ። እቆጥራለሁም። በማይክሮስኮፕ ስላይድ፣ ናሙና የተቀባበትን መስታወት፣ እንደማነብ ማለት ነው። ለቲቢ የአክታ ስላይድ ስታይ «የለም» ብለህ ከመጻፍህ በፊት ቢያንስ 100 ፊልድ ማየት አለብህ፤ ፊልድ ማለት በማይክሮስኮፑ በአንድ ጊዜ የሚታይህ ክብ ቦታ ነው። ባክቴሪያዋ ሰማያዊው ቀለም ውስጥ እንደ ቀይ ክር ቁራጭ ናት። 99ኛው ላይ ያላየሃት 100ኛው ላይ ልትኖር ትችላለች። ስንቱን ቀን ወገቤ እየተቆረጠ መቶ ሳልሞላ አልነሳም ብያለሁ። ምስሩ ላይ አለቀስኩ።

ያን ቀን ብዙ ነገር ትዝ አለኝ። የኤችአይቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ነው። ከዚያ በፊት ውጤት ስጽፍ እጄ ይከብደኝ ነበር፤ ከወረቀቱ ሌላ የምንሰጠው የለንም። በኋላ ግን እነዚያው ሰዎች ኪሎ ጨምረው፣ ፊታቸው ወዝቶ ለደም ምርመራ ሲመጡ አየሁ። ስማቸውን አልጠራም እንጂ መልካቸው አሁንም ይመጣብኛል። መጋቢት 2012 ኮሮና ሲገባ ደግሞ ልብሴን በረንዳ ላይ ቀይሬ ነበር ቤት የምገባው። ልጆቼን ለወራት አልሳምኩም። የደከምኩት ያኔ ነው።

ግን ሥራውን ጠልቼ አልወጣሁም። ዓይኔና መንገዱ ናቸው ያስወጡኝ። አንተ «ሰለቸኝ» ያልከውን ለይተህ እወቀው። ሥራው ነው? አለቃህ ነው? ወይስ መንገዱ? አለቃህ ከሆነ መጀመሪያ ዝውውር ጠይቅ። በአንድ ሰው ምክንያት የ29 ዓመት ሥራ አይተውም።

ባለቤትህም የምትፈራው ብሩን ብቻ አይመስለኝም። የእኔው ባለቤት ከእኔ በኋላ ጡረታ ሲወጣ ጠዋት ጠዋት ወጥ ቤት እየገባ ድስት ይከፍታል። «ሽንኩርቱ አልበዛም?» ይላል። በ30 ዓመት ትዳር ያልተጣላነውን በሦስት ወር ተጣላን። ያስታረቀን የብሎካችን ችግኝ ነው። አሁን ጠዋት ወጥቶ ውሃ ያጠጣል፣ አጥሩን ይጠግናል፣ ምሳ ላይ ይመለሳል። ስለዚህ ባለቤትህን ስለ ብሩ ብቻ አታናግራት። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ የት እንደምትሆን ንገራት። እሱን መመለስ ካቃተህ ገና አልተዘጋጀህም።

ደግሞ ቤት መዋልህ ከታወቀ ሁሉም ወደ አንተ ነው። የጎረቤት ቁልፍ እኔ ጋ ነው። ውሃ በፈረቃ ሲመጣ የሦስት ቤት ጀሪካን የምሞላው እኔ ነኝ። ለእድር ስብሰባ «አንቺማ ጊዜ አለሽ» ይሉኛል። መጀመሪያ ሁሉንም እሺ አልኩና ከሥራው በላይ ደከምኩ። አሁን ማክሰኞና ሐሙስ ለማንም አልገኝም።

ቅዳሜ ግን ለአንዲት የጎረቤቴ ልጅ ሰጥቻለሁ። ላብራቶሪ ትማራለች፤ ሁለት ጓደኞቿም አብረዋት ይመጣሉ። ማይክሮስኮፕ የለንም። በቀይና በሰማያዊ እስክሪብቶ ወረቀት ላይ ፊልዶቹን እስልላቸዋለሁ። አንዳንዱ ውስጥ አንዲት ቀይ ሰረዝ እደብቃለሁ፣ አብዛኛውን ባዶ አደርገዋለሁ። ይሰለቻቸዋል። «እትዬ፣ የለም እኮ!» ይላሉ። ቁጠሩ እላቸዋለሁ።

ባለፈው ልጅቷ ለተግባር ልምምድ ከወጣችበት ደወለችልኝ። ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል። «እትዬ፣ 87ኛው ላይ አገኘኋት» አለችኝ። ስልኩን ይዤ ቆሜ ቀረሁ።

ስሌቱ ካስቸገረህ የአገልግሎት ዘመንህንና የሦስቱን ዓመት ደመወዝህን በውስጥ መስመር ላክልኝ፣ አብረን እናሰላዋለን። ማክሰኞና ሐሙስ ግን አልመልስም።