ፎጣ እያሰጣሁ ሳቃቸውን ከሩቅ እሰማለሁ

ጥያቄ፦

የ43 ዓመት ሴት ነኝ። ከባለቤቴ ጋር በአንዲት ደሴት ላይ መኖር ከጀመርን 9 ዓመት ሆነን። ደሴቷ በጣም ውብ ናት። እናቴም፣ ወንድሜም፣ እህቴም የሚኖሩት ግን ከባሕሩ ማዶ ነው። የዕረፍት ወቅት ሲደርስ ሁሉም ወደ እኛ ይመጣሉ። አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባል። ባለፈው ዓመት 6 ሳምንት ሙሉ እንግዳ ያላደረበት ቀን አልነበረም። ታላቅ እህቴ "ቲኬት ቆርጠናል" ብላ ነው የምትነግረኝ፤ "ይመቻችኋል ወይ?" ብላ ጠይቃኝ አታውቅም። እነሱ ባሕሩ ዳር ይውላሉ፣ እኔ አበስላለሁ፣ አጥባለሁ። አንድ ቀን 14 ፎጣ እያሰጣሁ የእናቴን ሳቅ ከታች ከውሃው ዳር ሰማሁት። ባለቤቴ "ወይ አንቺ ንገሪያቸው፣ ወይ እኔ እነግራቸዋለሁ" ይላል። ያኔ ደግሞ በእሱ እበሳጫለሁ፤ ቤተሰቦቼን የማይወድ ይመስለኛል። ጀልባዋ ይዛቸው ስትሄድ እፎይ እላለሁ። ቤት ስገባ ግን አለቅሳለሁ። የሚያውቀኝ ሁሉ "ታድለሽ" ይለኛል። የገዛ ቤተሰቤን መምጣት የምፈራ ክፉ ሰው ሆንኩ ማለት ነው?

መልስ፦

እህቴ፣ ክፉ አልሆንሽም። ይህን አስቀድሜ የምነግርሽ በደብዳቤሽ ውስጥ ራስሽን የምትከሺበት ቦታ ስለበዛ ነው። የተከፋሽበትን በግልጽ የተናገርሽው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው፤ ፎጣው ላይ። ያቺን መስመር ደጋግሜ አነበብኳት። እጅሽ ላይ እርጥብ ፎጣ፣ ከታች የእናትሽ ሳቅ። ከልብስ ማስጫው እስከ ውሃው ስንት እርምጃ ይሆናል? መቶ? ሁለት መቶ? እናትሽ ባሕር ተሻግራ መጥታ፣ በመጨረሻ የለያያችሁ ያ አጭር መንገድ ነው።

ከደብዳቤሽ ድካም ይነበባል። ድካሙ እውነት ነው፣ አላቃልለውም። ደሴት ላይ እንግዳ ማስተናገድ ሥራው ብዙ ነው። በባሕር ውሃ የራሰ ፎጣ ሳይለቀለቅ ከተሰጣ በደንብ አይደርቅም። ጨው የአየሩን እርጥበት ስለሚስብ ጠዋት የደረቀ የመሰለው ማታ ተመልሶ ይረጥባል። ስለዚህ 14ቱም በንጹሕ ውሃ መለቅለቅ አለባቸው። በብዙ ትንንሽ ደሴቶች ደግሞ ንጹሕ ውሃ እንደልብ አይገኝም። ሌላም አለ። ባሕሩ የሚሞላበት ሰዓት በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ያህል ይዘገያል። ለእንግዳ ይህ ደስ ይላል፤ ዛሬ ረፋዱ ላይ ከዋኘ ከሦስት ቀን በኋላ ከሰዓት ይዋኛል። ላንቺ ግን የምሳ ሰዓት በየቀኑ ይንሸራተታል። ልጆቹ ሲርባቸው ይመጣሉ፣ ትልልቆቹ ውሃው ሲሸሽ። ምሳ ሁለት ጊዜ ይቀርባል፣ ሁለት ጊዜ ይነሳል። በዚያ ላይ የጎደለ ነገር ካለ ቀጣዩ ጀልባ ይጠበቃል።

ግን የደከመ ሰው እንግዳው ሲሄድ ይተኛል። አንቺ አለቀስሽ።

እኔ ያንን ለቅሶ የናፍቆት ለቅሶ ነው የምለው። ናፍቆቱ የጀመረው ደግሞ ከሄዱ በኋላ አይመስለኝም። እዚያው ቤትሽ፣ ከጎንሽ እያሉ ነው። እኛ ዘመድን ለማየት መሄድን "መጠየቅ" ነው የምንለው። "እናቴን ጠይቄ መጣሁ" እንላለን። ቃሉ ሁለቱንም ነገር ይዟል፤ መሄዱንም፣ "እንዴት ነሽ?" ማለቱንም። 6 ሳምንት ሙሉ ቤትሽ ሰው ተመላለሰበት፣ አንቺን የጠየቀሽ ግን አልነበረም። እህትሽ ከመምጣቷ በፊት አልጠየቀችሽም፣ ከመጣችም በኋላ አልጠየቀችሽም። ሰዉ "ታድለሽ" ሲልሽ የሚያመው ለዚህ ይመስለኛል። ባሕሩን አይተው ነው የሚሉሽ።

ፈገግታሽንም ከሥራው ቁጠሪው። አርሊ ሆክሺልድ የምትባል አሜሪካዊት የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተመችው ሥራ የበረራ አስተናጋጆችን ተከታትላ ነበር። ምግብ ማቅረቡ አንድ ሥራ ነው። የውስጥን ስሜት አፍኖ ደስ ያለው ፊት ማሳየት ደግሞ ሌላ፣ ራሱን የቻለ አድካሚ ሥራ እንደሆነ ጻፈች። አስተናጋጇ በረራው ሲያበቃ ዩኒፎርሟን አውልቃ ቤቷ ትገባለች። አንቺ የት ትገቢያለሽ? ቤትሽ ውስጥ ነሽ።

አሁን ትንሽ የሚከብድ ነገር ልንገርሽ። በፍቅር ስሚኝ። ሲመጡ አንቺም ከእህትነት ወደ አስተናጋጅነት ትገቢያለሽ ብዬ እጠረጥራለሁ። "ነይ ተቀመጪ" ሲሉሽ "እሺ መጣሁ፣ ይቺን ብቻ ላንሳ" የምትዪ ይመስለኛል። ያቺ "ይቺን ብቻ" ደግሞ አታልቅም። ይህን የማውቀው ከሌላኛው ወገን ሆኜ ነው። በልጅነቴ የዕረፍት ጊዜዬን ውሃ ዳር የምትኖር አክስቴ ጋ አሳልፍ ነበር። ስንበላ ሁልጊዜ ቆማ ነው የማስታውሳት፤ ትከሻዋ ላይ ጨርቅ፣ ዓይኗ ሳህናችን ላይ። ደስ ብሏት የምትሠራ ይመስለኝ ነበር። ካደግሁ በኋላ አንድ ቀን "እናንተ ስትመጡ እኔ እናንተን አላይም ነበር እኮ" አለችኝ። መልስ አጣሁ። ያን ሁሉ ዓመት አንድ ቀን እንኳ ሳህን ተቀብያት "አንቺ ተቀመጪ" አላልኳትም። ክፋት አልነበረም፤ አላስተዋልኩም። እህትሽም አላስተዋለች ይሆናል። በእሷ ልብ ዓመቱን ሙሉ ገንዘብ አጠራቅማ፣ ልጆቿን ይዛ፣ ባሕር ተሻግራ መምጣቷ ራሱ "እወድሻለሁ" ነው። አንቺ ቲኬቱን እንደ ትእዛዝ ስትሰሚው እሷ እንደ ስጦታ ነው የምትልከው።

ሙሬይ ቦወን (1913–1990) የሚባል አሜሪካዊ የአእምሮ ሐኪም ነበር። በቤተሰብ ሕክምና ስሙ በጣም የታወቀ ነው። የሚያሠለጥናቸውን ባለሙያዎች ወደ ወላጆቻቸው ቤት ሂዱ ይላቸው ነበር። ለመውቀስም ለማስታረቅም አይደለም። ከእናት ጋር ለብቻ፣ ከአባት ጋር ለብቻ ተቀምጠው፣ ሦስተኛ ሰው ሳያነሱ፣ ስለ ራሳቸውና ስለ እነሱ ማውራት እንዲችሉ ነው። ቀላል ይመስላል። እስኪ ሞክሪው። ብዙ ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ሳይሞላ ወሬው ሹልክ ብሎ ወደ ልጆቹ፣ ወደ ወንድም፣ ወደ ጎረቤት ይሄዳል። አሥር ሰው በአንድ ቤት ሲሆን ደግሞ ጭራሽ አይሞከርም። የአንተ ልጅ፣ የእሷ ጫማ፣ የነገ ጀልባ... ሳምንቱ እንዲሁ ያልቃል።

ስለ ባለቤትሽም ቦወን የሚጠቅመን ነገር አለው። በሁለት ሰዎች መካከል ውጥረት ሲበዛ ሦስተኛ ሰው ይጎተታል ይላል። ሦስት ማዕዘን ይለዋል። እናንተ ጋ ውጥረቱ ያለው በአንቺና በእህትሽ መካከል ነው፣ ጭቅጭቁ ግን ያለው መኝታ ቤታችሁ ውስጥ ነው። አንቺ የዋጥሽውን ቁጣ ባልሽ ይናገረዋል። እሱ ሲናገረው ደግሞ አንቺ ለእህትሽ ጠበቃ ትቆሚያለሽ። ቁጣሽን እሱ ስለተሸከመልሽ አንቺ ጥሩ እህት ሆነሽ ትቀሪያለሽ፣ እሱ ዘመድ ጠል ይሆናል። ይህ ለእሱ አይገባውም። ቤተሰብሽን ስለጠላ የሚናገር አይመስለኝም፤ አንቺን ፎጣ ስር እያየ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ከእሱ ጋር ተነጋገሪ። ስለ አጀማመርሽ ተጠንቀቂ። የትዳር ተመራማሪዎቹ ሲቢል ካሬርና ጆን ጎትማን እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጡት ጥናት 124 አዲስ ተጋቢ ጥንዶችን ተከታትለው፣ ከጭቅጭቁ የመጀመሪያዎቹ 3 ደቂቃዎች ተነስተው ብቻ የትኞቹ ወደ ፍቺ እንደሚያዘነብሉ መገመት ችለው ነበር። በክስ የተከፈተ ወሬ በክስ ይዘጋል። "ልክ ነህ፣ ደክሞኛል። ግን አንተ አትንገራቸው፣ እኔ ነኝ የምነግራቸው። ስደውል አጠገቤ ሁንልኝ" በይው። ይበቃል። በምንም መንገድ እሱ እንዲደውል አታድርጊ። ያንቺ ቤተሰብ ነው፣ ከአንቺ አፍ ይስሙት። እሱ ከነገራቸው ለዓመታት የሚወራው ስለ እሱ እንጂ ስላንቺ ድካም አይሆንም።

ለእህትሽ የምትደውዪው ወቅቱ ከመድረሱ ብዙ ወራት ቀደም ብለሽ ነው። ቲኬት ከተቆረጠ በኋላ የሚነገር ነገር ሁሉ "አትምጡ" ተብሎ ነው የሚሰማው። እንዲህ ልትዪያት ትችያለሽ፦ "እትዬ፣ ዘንድሮም እንድትመጡ እፈልጋለሁ። አምና ግን ስትሄዱ አለቀስኩ። ሁላችሁም መጥታችሁ ከአንዳችሁም ጋር ሳልቀመጥ ሄዳችሁ። ዘንድሮ እንግዳ የምንቀበለው 2 ሳምንት ብቻ ነው። የትኛው ሳምንት ይሻላችኋል? ሳትቆርጡ እንነጋገር።" "ባለቤቴ እንዲህ ስላለ ነው" አትበያት። "ታምሜ" አትበያት። ለቅሶሽን ግን አትደብቂያት። እስካሁን ያላወቀችው እሱን ነው።

ዝም ልትል ትችላለች። "ተለውጠሻል" ልትልሽም ትችላለች። ቦወን ይህንን ጠብቁት ይል ነበር፤ አንድ ሰው የለመደውን ቦታ ሲለቅ ቤተሰቡ "ወደ ነበርሽበት ተመለሺ" ይላል። ያን ጊዜ አትከራከሪ፣ ሃሳብሽንም አታንሺ። "ቅር እንዳለሽ ይገባኛል። አሁንም እንድትመጡ እፈልጋለሁ" ብለሽ እዚያው ቁሚ። ቅሬታው ሁለት ሳምንት ሊቆይ ይችላል፣ ሁለት ወርም ሊቆይ ይችላል። ይከብድሻል፣ ግን ትችይዋለሽ። 9 ዓመት ከቻልሽው አይብስም። ወንድምሽ ምናልባት የሚመጣው በእውነትም ለባሕሩ ከሆነ ያም ነውር የለበትም። በሌላ ሳምንት ማደሪያ ተከራይቶ ይምጣ፣ አንድ ማታ አብራችሁ ብሉ።

ሲመጡ ደግሞ ሥራው ይከፋፈል። ፎጣውን የተጠቀመበት ይለቅልቀው፣ ዘጠኝ ዓመት የሞላው ልጅ ይችላል። ምሳ በአንድ ሰዓት ይቅረብ፣ ባሕሩ ቢሞላም ባይሞላም። ያመለጠው ራሱ አሙቆ ይብላ። ይህን የመጀመሪያው ማታ፣ ሁሉም ባለበት፣ ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ ንገሪያቸው። በሦስተኛው ቀን ተናደሽ ከምትናገሪው በእጅጉ ይሻላል።

የሚቆዩበት ጊዜ ማጠሩ አያሳዝንሽ። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዳንኤል ካነማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1993 ሰዎች እጃቸውን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ እንዲነክሩ አድርገው ነበር። አንድ ጊዜ 14 ዲግሪ በሆነ ውሃ ለ60 ሰከንድ፣ ሌላ ጊዜ ያንኑ 60 ሰከንድና ተጨማሪ 30 ሰከንድ፤ በተጨማሪው ጊዜ ውሃው በጥቂቱ ወደ 15 ዲግሪ ይሞቅ ነበር። የትኛውን ትደግሙታላችሁ ሲባሉ አብዛኞቹ ረጅሙን መረጡ፣ መጨረሻው ስለተሻለ። ትዝታችን ቀን አይቆጥርም፤ በጣም የተሰማንን ቅጽበትና አጨራረሱን ይይዛል። የእናንተ አጨራረስ ምን ይመስላል? እነሱ ሻንጣ ሲዘጉ አንቺ አንሶላ ትገፍፊያለሽ፣ ከዚያ ሩጫ ወደ ጀልባው። ዘንድሮ አንሶላው ይቆይ። የመጨረሻውን ማታ ሁላችሁም ውሃው ዳር ተቀመጡ፣ አንቺም ጫማሽን አውልቀሽ።

አሁን ወደ እናትሽ። እሷን ከሕዝቡ ጋር አትደምሪያት። ለብቻዋ ጥሪያት፣ ወቅቱ ካለፈ በኋላ። ነፋሱ ሲበረታ፣ የባሕሩ ዳር ጭር ሲል፣ ማንም ለመዋኘት በማይመጣበት ጊዜ። በዚያ ወቅት ደሴት የሚመጣ ሰው ለባሕር እንደማይመጣ ሁለታችሁም ታውቃላችሁ። የምትለቀልቂው ፎጣ አንድ ነው። "እማ፣ ለብቻሽ ነይ፣ ናፍቀሽኛል፣ አምና ሳላገኝሽ ሄድሽ" በያት። እምቢ ብትል ምክንያቷን ጠይቂያት። ጉልበቷ ይሆናል፣ ጀልባው ያስፈራት ይሆናል። ከሆነ አንቺ ተሻገሪ። እስከዛሬ መጪዎቹ እነሱ፣ ተቀባይዋ አንቺ ብቻ ሆነሽ ኖራችኋል፤ አንድ ጊዜ እንኳ አንቺ እንግዳ ሆነሽ ሳህን ቢነሳልሽ ምን አለበት?

ከመጣች ግን የመጀመሪያ ቀን ምንም አታብስዪ። ያቺን መቶ እርምጃ ክንዷን ይዘሽ አብረሽ ውረጂ። ምን እንደሚያስቃት ጠይቂያት።