የአንቴና «ጌይን» ማጉላት ነውን?

ጥያቄ፦ በባሕር ዳር የኤሌክትሪክ ምህንድስና ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ጽሑፌን «ለገመድ አልባ ግንኙነት የሚውል የማይክሮስትሪፕ አንቴናን ማጉላት ማሻሻል» የሚል የአማርኛ ርእስ ሰጠሁት። ጓደኛዬ «ጌይን» ብለህ ተወው ይለኛል። የቱ ይሻላል?

መልስ፦ «ማጉላት»ን ይሰርዙ። ድምፅ ማጉያ ከባትሪ ወይም ከመስመር ኃይል ወስዶ የገባለትን ድምፅ አግዝፎ ያወጣል፤ አጐላ ማለት ይህ ነው። የእርስዎ አንቴና ግን በሰሌዳ ላይ የተለጠፈ ስስ መዳብ ነው። ውፍረቱ 1.6 ሚሊሜትር በሆነ ኤፍአር4 (ከመስታወት ጭረትና ከሙጫ የተሠራ) ሰሌዳ ላይ ለ2.4 ጊጋኸርዝ ቢሠሩት ርዝመቱ 29፣ ስፋቱ 38 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል፤ ከጀርባው ሌላ የመዳብ ንጣፍ አለ፤ በቃ። በተሰጠው ኃይል ላይ ቅንጣት አይጨምርም፤ ያንኑ ወደ አንድ ወገን ይሰበስባል እንጂ። «ጌይን» (gain) የሚባለው አንቴናው ወደዚያ ወገን የሚልከው ኃይል ልክ ነው፤ የሚለካውም በሁሉም አቅጣጫ እኩል ይረጫል ተብሎ ከሚታሰብ አንቴና ጋር ተነጻጽሮ ነው። የመራዊ ገበሬ የቆጋን ውሃ በቦይ ወደ ማሳው ሲያዞር «ውሃ መለስሁ» ይላል፤ «ውሃ አበዛሁ» ሲል አልሰማሁም።

«ሰሚው እስከተረዳው ድረስ ምን ቸገረ?» የሚሉ አሉ። እጅግ ይቸግራል! «ማጉላት» ያለ ጽሑፍ አንባቢውን ማጉያ ፍለጋ ይሰደዋል። እርስዎ የሚሠሩት ግን ሌላ ነው። እንዲህ ያሉ አራት የመዳብ ልጥፎች ቢደረድሩ ጌይኑ ከአንዱ ልጥፍ እስከ 6 ዴሲቤል ገደማ (በኃይል አራት እጥፍ) ሊበልጥ ይችላል፤ የማከፋፈያው መስመር የሚበላው ሳይታሰብ ማለት ነው። ጨረሩም፣ ማለት ኃይሉ የሚሰበሰብበት አቅጣጫ፣ በዚያው መጠን ይጠባል። ኤፍአር4ን ብክነቱ አነስተኛ በሆነ ሰሌዳ ቢተኩት ደግሞ ጨረሩ ብዙም ሳይጠብ ጌይኑ ከፍ ይላል፤ በሙቀት መልክ ይጠፋ የነበረው ኃይል ተርፏልና።

ጌይንን «ትርፍ» ብንለውስ? ለዚህ ለሁለተኛው መንገድ ይስማማል፤ ከጥፋት የዳነ፣ የቀረ ነውና። ለመጀመሪያው ግን አይሆንም፤ እዚያ የተሰበሰበ እንጂ የተረፈ የለም። «ጌይን» ራሱ ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ የገባ ነው፤ የጥንት ሥሩ በጀርመን ነገዶች ቋንቋ ግጦሽንና መኖ ፍለጋን ያመለክት ነበር። ንግድና ትርፍ በኋላ የመጡ ናቸው። በግእዝ «ረብሐ» አለን፤ አተረፈ፣ ጠቀመ ማለት ነው። አማርኛ «ሐ»ን ጥሎ «ረባ» አለው፤ «የረባ ነገር» የምንለው ከዚህ ነው፤ «እርባና»ም እንዲሁ። ለእኔ የአንቴና ጌይን «እርባና» ቢባል ደስታዬ ነው። ቃሉ ዛሬ የሚሰማው በአብዛኛው ከ«ቢስ» ጋር መሆኑን አውቃለሁ፤ አሉታ ላይ ተጣብቆ መቅረቱ ግን እንድንጥለው አያስገድደንም፤ እንዲያውም ልናስለቅቀው ይገባን ነበር።

ይሁንና ልማድ ቀድሞናል። ከደብረ ማርቆስ እስከ ባሕር ዳር ተማሪውም መምህሩም «ጌይኑ»፣ «ጌይናቸው» እያለ በአማርኛ ቅጥያ ያረባዋል። የእኛን ቅጥያ የለበሰ ቃል በግዝት አይወጣም። ስለዚህ ሳልወድ ከጓደኛዎ ጋር እስማማለሁ፤ «ጌይን» ይበሉ፤ ነገር ግን መጀመሪያ በጻፉበት ቦታ ትርጉሙን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይንገሩን።

«ማሻሻል»ንም ይተዉት። የሚሻሻለው ንድፉ ነው፤ ጌይን መጠን ስለሆነ ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። ርእስዎ «ለገመድ አልባ ግንኙነት የሚውል የማይክሮስትሪፕ አንቴናን ጌይን መጨመር» ይሁን። ብዙ ቁጥር ሲያስፈልግዎት «አንቴናዎች» ይበሉ፤ አንዳንዶች «አንቴናት» የሚሉትን ከየት እንዳመጡት አላውቅም፣ አልቀበለውምም።